ሰኞን የሚጾም ማን አለ

ሰው ሲቀና ፊቱ ይጠቁራል ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ በቀናሁበት ዓመት ባልደረቦቼ «ጋሼ፣ ምን ተገኘ? ፊትህ ወዛ እኮ!» ይሉኝ ነበር። ውስጤን የማውቀው እኔ ነኝ። ከጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ መዝሙር እስከ መጨረሻው ደወል ቆሽቴ ሲያር ይውላል። ያውም በማን? ከእኔ በሃያ ዓመት በምታንስ፣ ጠመኔ ከያዘች ሁለት ዓመት ባልሞላት አንዲት መምህርት።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ቦንጋ የመጣሁት አዲሱ መንግሥት በገባ ሰሞን፣ ከጎጃም ተመድቤ ነው። ሁለት ዓመት አገልግዬ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ነበር። የዝውውሩን ፎርም ሳልሞላ ሚስት አገባሁ፤ የዚሁ አገር ልጅ ናት። ሴት ልጅ ወለድን፤ በቃ፣ እዚሁ ቀረሁ። የማስተምረው ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ነው።

መምህር ከመሆኔ በፊት ግን ዲያቆን ነበርኩ። ቅኔው ባይዘልቀኝም ባሕረ ሐሳቡ ጣቴ ላይ ነው፤ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በስንት እንደሚውል የሚቆጠርበትን ስሌት ማለቴ ነው። ጾም ሊገባ ሲል ባለ ሉካንዳው መንገድ ላይ ያስቆመኛል፤ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ቅበላው መቼ ነው?» በመምህራን ማረፊያ ክፍልም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ቀና ብሎ የሚያይ የለም፤ እኔን ነው የሚጠይቁት። ፕሮቴስታንቶቹ ሳይቀሩ ሠርግ ሲያስቡ «ጋሼ፣ እንግዶቻችን እንዳይጾሙብን የትኛው እሑድ ይሻላል?» ይሉኛል። እኔም የጣቴን አንጓ እየቆጠርኩ እነግራቸዋለሁ። ኩራቴ ይቺ ነበረች። ሌላ ምን ነበረኝ?

ክፍል ስገባ ግን ይህን ሁሉ በር ላይ ትቼ ነው። መመሪያው ግልጽ ነው፤ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ በትምህርት ቤት ግቢ ስብከት የለም፣ የጋራ ጸሎት የለም። ይህን መመሪያ ደግሞ የማስተምረው እኔው ራሴ ነኝ። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ የክርስትና አባት ሥራው ምንድን ነው?» ሲለኝ፣ ምላሴ ጫፍ የደረሰውን መልሼ እውጥና «ቤትህ ሄደህ ጠይቅ» እላለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስውጥ ኖርኩ። አልከበደኝም ብል እግዜር ይታዘበኛል።

ያን ዓመት ታኅሣሥ ላይ ጠብ ተነሣ። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ኳስ ሲጫወቱ አንዱ ፕሮቴስታንት ልጅ የአንዱን ኦርቶዶክስ ልጅ ሸሚዝ አንገቱ ላይ ጨምድዶ ሲጎትት ማተቡ ተበጠሰ። ሆን ብሎ ይሁን ሳያውቅ፣ እሱን ፈጣሪ ይወቀው። ማተቡን የበጠሱበት ልጅ ሃይማኖቱን እንደሰደቡበት ነው የሚቆጥረው። በነጋታው በምሳ ሰዓት በሁለት ወገን ተከፍለው ድንጋይ ተወራወሩ። የአንዲት ልጅ ቅንድብ ተፈነከተ። ሙስሊሞቹ ጥቂት ናቸው፤ አጥሩን ተደግፈው ያያሉ፤ ነገ ወደ እኛ ይዞራል ብለው ሳይሰጉ አልቀሩም።

ርዕሰ መምህሩ ጠራኝና «በል እንግዲህ፣ የሥነ ዜጋ ሰው አንተ ነህ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ልጆቹን አዳራሽ ሰብስቤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ስለ እምነት እኩልነት አስተማርኩ። ከሕገ መንግሥቱ አንቀጹን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንድ ለአምስት እንዲወያዩም አደረግሁ። በዚያ ዘመን ሁሉ ነገር አንድ ለአምስት ነበር፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስቱን ይመራል። ቡድኖቹ ለሰላም ያላቸውን ቁርጠኝነት ጽፈው ፈረሙ፤ መሪዎቹም አነበቡልኝ። ከኋላ ወንበር አንዱ አንኮራፋ። ሐሙስ ዕለት ከሽንት ቤቱ ጀርባ እንደገና ተፈናከቱ። ከተፈናካቾቹ ሁለቱ ቁርጠኝነታቸውን ያነበቡልኝ የቡድን መሪዎች ነበሩ። እንዲህ ነው እንግዲህ የእኔ ትምህርት!

ይቺ መምህርት የመጣችው ያኔ ነው። ከዋጫ ናት፣ የዚሁ የከፋ ልጅ፤ ሳይንስ ነው የምታስተምረው፤ አባቷ የፕሮቴስታንት ወንጌላዊ ናቸው። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ከልጆቹ ጋር በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ የምትቀልድ። እኔ ሃያ ዓመት ኖሬ ገበያ ላይ ከመከራከር የማያልፍ ካፊኖኖ ነው ያለኝ፤ ሰላምታ ስሰጥ እንኳ ሚስቴ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። እሷ አንድ ቃል ጣል ስታደርግ የክፍሉ ልጅ በሙሉ በሳቅ ይንፈራፈራል። ምን እንዳለች ስጠይቅ ደግሞ «በአማርኛ አያስቅም ቲቸር» ይሉኛል።

ሄዳ ርዕሰ መምህሩን «የሰላም ክበቡን በሳምንት አንድ ሰዓት ስጡኝ» አለችው። ክበቡ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነበር። በወረቀቱ ላይ ኃላፊ ተብሎ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ርዕሰ መምህሩ ሰጣት። ሳይጠይቀኝ! የሰማሁት ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብቤ ነው።

ያመጣችው ነገር አንድ ሕግ ብቻ ነበር። ማንም የራሱን እምነት አያስተምርም፤ የሌላውን ጠይቆ መጥቶ ይናገራል። ፕሮቴስታንቱ ኦርቶዶክስ ጎረቤቱ ቤት ይሄዳል፤ ኦርቶዶክሱ ሙስሊሙ ጋ፣ ሙስሊሙ ፕሮቴስታንቱ ጋ። የሰማውን ክበቡ ፊት ቆሞ ያወራል። ባለእምነቶቹ አዳምጠው «ልክ ነው» ወይም «እንደዚያ አይደለም» ይላሉ። «እንደዚያ አይደለም» ከተባለ ተመልሶ ይጠይቃል። ባለእምነቶቹ «ልክ ነው» እስኪሉ ድረስ አይጨበጨብለትም።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። «ይሄማ ሃይማኖት ማስተማር ነው! መመሪያውስ?» አልኩት።

«ማን አስተማረ? እየጠየቁ ነው እንጂ» አለኝ፤ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «መጠየቅ ክልክል ነው የሚል መመሪያ ካለህ አምጣልኝ።»

አልነበረኝም። ሌሊቱን ሙሉ መመሪያውን አገላብጬ ነበር፤ የለም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቅዳሜ የቤቴ በር ተንኳኳ። ያ ማተብ የበጠሰው ልጅ ነው! ደብተሩን በሁለት እጁ ይዞ «ቲቸር፣ ማተብ ምን እንደሆነ ልጠይቅዎት መጥቼ ነው» አለኝ። ምን ልበላችሁ፣ ሃያ ዓመት የዋጥኩት ሁሉ ተገነፈለ። ቤቴ ነው፣ ቅዳሜ ነው፣ ልጁ ራሱ ነው የጠየቀው፤ መመሪያ የለ፣ ምን የለ። ሁለት ሰዓት ያህል አወራሁለት። በክርስትና ጊዜ እንዴት እንደሚታሰር፣ የክሩ ቀለም ምን እንደሆነ፣ እናት ስትሞት እንኳ ማተቡ መኖሩን ለማየት ለምን የልጇን አንገት እንደምታይ። ልጁ ጽፎ ጽፎ እጁን አራገፈ። ሲወጣ ትከሻዬን ስሞኝ ሄደ። ያን ቀን የበላሁትን ራት ጣዕም አልረሳውም።

ሰኞ ልጁ ክበቡ ፊት ቆመ። ሁሉንም ተናገረ። በመጨረሻም ማተቡ የተበጠሰበትን ልጅ ስሙን ጠርቶ ይቅርታ ጠየቀው። ልጁም «ልክ ነው» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ አሉ። «አሉ» ያልኩት እኔ እዚያ ስላልነበርኩ ነው። የሰማሁት ሻይ ክበብ ውስጥ ነው፤ «ይቺ ልጅ ተአምር ሠራች» እያሉ ሲያወሩ። ተአምር! ወጡን የሠራሁት እኔ፣ ጎበዝ የተባለችው እሷ። «ያን ልጅ ያስተማርኩት እኮ እኔ ነኝ» ለማለት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ምን ብዬ? ሰው ይታዘበኛል። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ከሁሉ የባሰው ቤቴ ነበር። ልጄ ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ። ክበቡ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲህ ማዕድ ላይ ሌላ ወሬ ጠፋ። «ቲቸር እንዲህ አለች፣ ቲቸር እንዲህ አደረገች።» እኔስ ቲቸር አይደለሁም እንዴ? አንድ ቀን የሙስሊም ጓደኛዋ ቤት ሄዳ ስለ ረመዳን ጠይቃ መጣችና ለእናቷ ስታወራ ሰማሁ። በጣም ጥሩ አድርጋ ነው የተረከችው፤ እኔ ራሴ የማላውቀው ነገር ነበረበት። ልኮራ ሲገባኝ የዚያችን የዋጫ ልጅ ፊት ልጄ አፍ ላይ ያየሁት መሰለኝና እንጀራው አነቀኝ። እናቷ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። «በርበሬ ነው» አልኳት።

ይህን ሁሉ ስል ግን አንድ ነገር አልደብቅም። ድንጋይ ቀርቷል። ልጆቹ በምሳ ሰዓት ተቀላቅለው ይቀመጣሉ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሙስሊሞቹና ፕሮቴስታንቶቹ የጾመኞቹ ፊት ላለመብላት ከአዳራሹ ጀርባ ሲዞሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ማንም አላዘዛቸውም። እኔ በአንቀጽ ሃያ ዓመት ያላመጣሁትን እሷ በአራት ወር አመጣችው። ይህን ማወቄ ደግሞ ቅናቴን አላበረደውም፤ ጭራሽ አባሰው።

ግንቦት አጋማሽ ላይ አንድ ወላጅ «ልጄን ሃይማኖት እያስቀየሩብኝ ነው» ብሎ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አቤት አለ። እኔ አይደለሁም፤ በሥላሴ! ግን ስሰማ ደስ አለኝ። ሁለት ሱፐርቫይዘሮች መጥተው ክበቡን እንዲያዩና ለሚቀጥለው ዓመት ይቀጥል ወይም ይዘጋ እንዲሉ ተወሰነ። ርዕሰ መምህሩ ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ «ካልወደዱት ሰዓቱ ወደ ሥነ ዜጋ ይመለሳል፤ አንተ ትይዘዋለህ» አለኝና አለፈ። ያቺ ሰዓት! ልጄ የምትቀመጥባት፣ ያ ማተብ የበጠሰው ልጅ የሚቀመጥባት ሰዓት የእኔ ልትሆን ነው። ቀኑን ሙሉ ለብቻዬ ፈገግ ስል ዋልኩ።

መምህርቷ ደግሞ ለሱፐርቫይዘሮቹ ልጆቹ በአንድ ገበታ ሲበሉ ላሳያቸው አለች። የእኛን አገር ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን ሥጋ አይበላም። ሁለት ድስት ከጣድክ ደግሞ ሁለት ገበታ ሆነ፤ ምኑን አንድ ሆኑት? ሳምንት ሙሉ ስታስብ ከረመች።

አንድ ሐሙስ በመምህራን ማረፊያ ክፍል መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎን ሳልጠይቅ ምንም አላደርግም» አለችኝ። «ሥጋውን ተውኩት። ቆጮ በቅቤና በአይብ ይሁን አልኩ፤ ይህንን ሁሉም ይበላል። እናቶቹም ቅቤውን እናመጣለን ብለዋል። ረቡዕና ዓርብ እንዳይሆን ብዬ የመጪውን ሰኞ መረጥኩ፤ ሱፐርቫይዘሮቹም ለዚያ ቀን እሺ ብለውኛል። ሰኞ ጾም የለም አይደል?»

ያ ሳምንት የበዓለ ሃምሳ መጨረሻ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ሰው ሁሉ ጾም የሚባል ነገር ይረሳል። እሑድ ጰራቅሊጦስ ነው። በማግስቱ ሰኞ የሐዋርያት ጾም፣ ሰው የሰኔ ጾም የሚለው፣ ይገባል። ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል እንጂ የሚገባው ሁልጊዜ ሰኞ ነው። ይህን ፊደል የቆጠረ ዲያቆን ሁሉ ያውቀዋል። እኔማ ገና «ሰኞ» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ አንጓዬ ላይ ቆጥሬ ጨርሻለሁ። ሌሎቹ ኦርቶዶክስ መምህራን ሻያቸውን እየጠጡ አጠገባችን ነበሩ፤ ግን ጾም መግባቱን የሚያውቁት ወይ ከእኔ ነው ወይ እሑድ ቄሱ ሲያውጁ ነው። ሁሉም እኔን አየ።

ስኳሩን ማማሰል ጀመርኩ። በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝ። ሱፐርቫይዘሮቹ ፋይላቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ቅቤው ቆጮው ላይ ይፈስሳል። ኦርቶዶክሶቹ ልጆች እጃቸውን አጣጥፈው አንገታቸውን ይደፋሉ። «እኩልነት ያላችሁት ይሄ ነው?» ይባላል። እሷም ፊቷ ቲማቲም ይመስላል። እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ ስለ ሐዋርያት ጾም በጨዋ ደንብ አስረዳለሁ።

«ሰኞ?» አልኳት። «ሰኞን የሚጾም ማን አለ?»

«ተባረኩ ጋሼ! ዕረፍት ሰጡኝ» ብላ እጄን በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓርብም ቅዳሜም ልነግራት እችል ነበር። ሰው ነኝና «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» ማለት ይበቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነብኝ እንጂ መንገዱ ክፍት ነበር። ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ከሩቅ አየኋት፤ ከሺሺንዳ ከመጡ ሴቶች ዘንቢል ስትመርጥ ነበር፤ ለዚያው ለገበታው መሆኑ ነው። ዞር ብዬ በሌላ መንገድ ሄድኩ። «የሰኔ ጾም የቄስ ነው፤ ልጅ ማን ይጾመዋል» ብዬ ራሴን ላሞኝ ሞከርኩ። የእኔ ልጅ ከሰባት ዓመቷ ጀምራ እንደምትጾመው ግን አውቃለሁ፤ ያስጀመርኳት እኔ ነኝና።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ጾሙን አወጁ። ቤት ገብተን ምሳ ቀርቦ ልጄ ገና አንድ ጉርሻ ሳትጎርስ ዓይኗን አፈጠጠች። «አባዬ! ነገ እኮ ጾም ነው! ቲቸር ታውቃለች? ጋሼን ጠይቄያለሁ ብላ ቆጮውን በቅቤ ነው የምትሠራው!»

«ታውቃለች፤ ነግሬያታለሁ» አልኩ።

«መቼ?»

«ነገርኳት አልኩሽ እኮ! ብዪ፣ ምሳሽን ብዪ።»

አየችኝ። የልጄን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ስታምነኝ አንድ ዓይነት ነው። ያን ቀን ሌላ ዓይነት ነበር። «እሺ» አለችና በላች። ሳህኗን አንሥታ «ጓደኛዬ ጋ ደብተር ልዋስ» ብላ ወጣች። ዝናብ ይዘንብ ነበር። የቦንጋን የሰኔ መባቻ ዝናብ የማያውቅ የለም፤ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ እስከ ጉልበቷ ጨቅይታ ተመለሰች፤ እናቷ «ለደብተር ነው እንዲህ የምትሆኚው?» ብላ ተቆጣቻት። እግሯን ልትታጠብ ወደ ጓሮ አለፈች። እኔም የነገውን እያሰብኩ ነበርና ልብ አላልኩትም።

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ርዕሰ መምህሩ «የሰላም ክበብ የምሳ ግብዣ ወደ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተዛውሯል» አለ። ሱፐርቫይዘሮቹ ዘግይተው ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ዘጠኝ ሰዓት ጾመኛ እህል የሚቀምስበት ሰዓት መሆኑን አንጓ የምቆጥረው ሰውዬ ልብ አላልኩም! ቅናት እንዲህ ያደርጋል፤ ያወቁትን ያስረሳል።

በዘጠኝ ሰዓት አዳራሽ ገባሁ፤ ከፊት ረድፍ ተቀመጥኩ፤ ኮቴንም ቆለፍኩ። ሱፐርቫይዘሮቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዷ መነጽር ያደረገች ሴት። እናቶቹ ሰፌዱንና ሳህኑን ተሸክመው ተሰልፈው ገቡ። አንዷ ፕሮቴስታንት እናት አጠገቤ ስታልፍ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቆጮ አለ። ቅቤ የለም። ጎመን በዘይት፣ የተቀቀለ ጎደሬ፣ ቦሎቄ። አይብ የሚባል ነገር ዓይኔ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ። ሴትዮዋ ዓይኔን አይታ ሳቀች፤ «ቅቤውን ለሌላ ቀን አስቀመጥነው ጋሼ፤ ልጆቹ ይጾማሉ አሉን» አለችኝ። የቆለፍኩትን ኮት መልሼ ፈታሁ።

ያ ማተብ በጣሹ ልጅ ተነሣ። «ዛሬ የሐዋርያት ጾም የሚገባበት ቀን ነው» ብሎ ጀመረ። ሐዋርያት መንፈስ ቅዱስን ከተቀበሉ በኋላ ለማስተማር ከመውጣታቸው በፊት መጾማቸውን፣ ምግቡ ለምን ወደ ዘጠኝ ሰዓት እንደተዛወረ፣ ቅቤው ለምን እንደቀረ ተናገረ። እኔ ልናገረው የነበረውን ሁሉ! ሲጨርስ ዞር ብሎ ኦርቶዶክሶቹን አያቸው። «ልክ ነው!» ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹ። ከዚያ አንድ ላይ ቀረቡና በሉ፤ የሁሉም እጅ አንድ ሰፌድ ላይ።

መነጽር ያደረገችው ሱፐርቫይዘር ብዕሯን አንሥታ «የቀኑን ነገር ማን አሰበው? መምህርት፣ አንቺ ነሽ?» አለቻት።

መምህርቷ ተነሣች። ቀጥ ብላ አየችኝ። አስተያየቷ ቁጣ ቢኖርበት ምንኛ ደስ ባለኝ! አልነበረም። «እኔማ ስቼ ነበር» አለች። «ያስታወሱን ጋሼ ናቸው። ትናንት በዚያ ዝናብ ልጃቸውን ልከውብኝ ነው። ባይልኩብኝ ዛሬ ልጆቹን አዋርጄ ነበር።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ሱፐርቫይዘሮቹ አጨበጨቡ። ርዕሰ መምህሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና «እኔኮ አውቅሃለሁ!» አለኝ። ተነሥቼ «እኔ አልላክሁም» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። ተነሣሁ፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ፤ ተቀመጥኩ። ክበቡ ይቀጥል ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት እኔና እሷ አብረን እንድንመራው ተጻፈ። ስድስት ወር የተመኘሁት ጭብጨባ ጆሮዬ ሥር ሲጨበጨብ አንገቴን ወደ ኮሌታዬ ውስጥ ልከተው ምንም አልቀረኝም።

ከልጄ ጋር ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት ያዝን። ጭቃው እያንሸራተተን ብዙ መንገድ ሄድን። መጨረሻ ላይ አላስቻለኝም።

«ቤቷ ድረስ ሄድሽ?»

«አዎ።»

«አባዬ ላከኝ አልሻት?»

«አዎ።»

«ምን አለችሽ?»

«ምንም። ‹አባትሽን እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያቸው› አለችኝ። ከዚያ ፊቷን አዞረች።» ትንሽ ሄደች። «ያለቀሰች መሰለኝ።»

ገብቷታል ማለት ነው አልኩ በልቤ፤ ነገሩን ታውቀዋለች። ሐሙስ ዕለት ሻዬን እያማሰልኩ ያልኳትን አልረሳችም። አውቃ ነው በሰው ሁሉ ፊት ያስከበረችኝ።

«አንቺስ፣ ሳልልክሽ ላከኝ ለምን አልሽ?» አልኳት። ድምፄ ቁጣ ነበረው፤ በማን እንደተቆጣሁ ግን አላውቅም።

ልጄ ቆመች። ዓይኗን ከጭቃው አላነሣችም።

«ታዲያ ምን ልበላት አባዬ? አባቴ እያወቀ ዋሸሽ ልበላት?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ልጄ ዋሽታ አታውቅም። እኔ ለቅናቴ ስል ነው የዋሸሁት፤ እሷ ግን ለእኔ ስትል። እጇን ልይዛት እጄን ስዘረጋ፣ ደብተሯን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛውራ ቀድማኝ ዳገቱን ወጣች።